ከጋቢ ሥር የወጣው እንፋሎት

«እኔ ቂም አልይዝም» የሚል ሰው ስሰማ ወይ ማንም በድሎት አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል እላለሁ። እኔ ቂም እይዛለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድም ይዤው እሄዳለሁ፣ ስመለስም ይዤው እመለሳለሁ። ንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው ተቆጥተውኛል፤ እሳቸውን ግን ማንም በአደባባይ ሌባ ብሏቸው አያውቅም። ታሪኬን የምነግራችሁ እንድትመክሩኝ አይደለም። እንዲያው ሰምታችሁ እንድትፈርዱ ነው።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት አሰብ ነበርኩ። ከደሴ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ አክስቴ ዘንድ መጣሁና ካምፖ ሱዳን የሚባለው ሰፈር ገባሁ። ያን ጊዜ አሰብ ሥራ ይፈልግሃል እንጂ ሥራ አትፈልግም ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው ሰው ይቀጥራል፣ ወደቡ ሰው ይቀጥራል፣ ሙቀቱን የቻለ ሁሉ እንጀራ ያገኛል። እኔም ወደብ ለሚቆሙ መርከቦች ስንቅ በሚያቀርብ አንድ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ የለምም።

በዚያ መጋዘን ውስጥ ከሩዝና ከዱቄቱ ሌላ አንድ ጉድ የሆነ ዕቃ ነበር፤ ራሱን በራሱ የሚያሞቅ የታሸገ ምግብ። መርከብ ሲሰጥም ሰዎች በሚያመልጡባቸው ትናንሽ ጀልባዎች ውስጥ የሚቀመጥ ነው። ጣሳው ድርብ ነው፤ በውስጠኛው ምግቡ አለ፣ በሁለቱ መካከል ኖራ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ውኃ የታሸገበት ስስ ከረጢት። ክዳኑን በትንሹ ትበሱታላችሁ፣ ገልብጣችሁ አብሮት በመጣው ምስማር ሥሩን ትወጉታላችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ታቆሙታላችሁ። ኖራ ውኃ ሲነካው እንደሚግል ቤቱን ያስቀባ ሁሉ ያውቃል። ጣሳው ይንሿሿል፣ ይጤሳል፣ ብዙም ሳይቆይ በእጅ የማይያዝ ይሆናል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማንም አያስቆመውም። መጀመሪያ የመጣ ቀን አንድ የመርከብ መኮንን ግቢው ውስጥ ሲያሳየን፣ ያለ እሳት የፈላ የአተርና የሥጋ ሾርባ አይተን አማተብን።

ቆየት ያለውን ጣሳ ከአዲሱ ለመለየት ሥሩን ቀይ ቀለም መቀባት የኔ ሥራ ነበር። ብሩሹ ደርቆ ስለተሰበረ አውራ ጣቴን ቀለሙ ውስጥ እየነከርኩ አትምበት ነበር። ሠራተኛው «የስንዱ ማኅተም» ይለው ነበር። ስንዱ እኔ ነኝ።

የመጋዘኑ ሹም አቶ ደምሴ ይባላል። ቀይ፣ ረጅም፣ ዳዊት ከእጁ የማይለይ፣ የሰፈራችን የማኅበር ሰብሳቢ። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ስለሚያደርግ ሰው ሁሉ ጠጋ ብሎ ይሰማው ነበር። እኔም ጋሽ ደምሴ እያልኩ አከብረው ነበር፤ ሞኝነቴን አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልለው ይቃጣኛል።

አንድ ቀን ጣሳዎች ጎደሉ ተባለ። ሲፈለግ ሲፈለግ ባዶዎቹ ከአክስቴ ቤት አጥር ኋላ፣ ከቆሻሻው መሀል ተገኙ። ቀይ የአውራ ጣት ምልክት አለባቸው። አቶ ደምሴ ሠራተኛውን በሙሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበና በመካከል አቁሞኝ ቦርሳዬን መሬት ላይ አስዘረገፈኝ። ማበጠሪያዬ፣ መሀረቤ፣ የሴት ዕቃዬ ሳይቀር ወንዶቹ ፊት ተበተነ።

«ልጄ» አለኝ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ፣ «ተናዘዢ፤ ይቀልሻል።»

«አልሰረቅሁም!»

«ያንቺ ጣት አይደለም?»

«ጣቱ የኔ ነው፤ ጣሳው ግን…»

«ይበቃል» አለ። «ፖሊስ አልጠራም። በወጣትነትሽ አልጨክንብሽም።»

ምሕረት ያደረገልኝ መስሎ ቆመ። ያ ምሕረት ከስድቡ ይልቅ ጎዳኝ፤ ፍርድ ቤት ቢያቀርበኝ ኖሮ እኮ እከራከር ነበር፣ ምስክር እጠራ ነበር። ምሮኝ፣ ከሥራ አባርሮ ሌባ አድርጎ አስቀረኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ ስገባ ባለሱቁ እጄን ያያል። ጎረቤት ስሄድ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ። ሊያገባኝ ሽማግሌ የላከ የማጣሪያው ቴክኒሻን ሽማግሌዎቹን መልሶ ጠራቸው። «የጣሳዋ ልጅ» የሚል ስም ወጣልኝ።

ሥራ የሚሰጠኝ ስላጣሁ ከአሰብ በስተሰሜን ካለችው የባሕር ዳር መንደር ከበይሉል የደረቀ ዓሣ እያመጣሁ መሸጥ ጀመርኩ። የምመላለሰው በናኾዳ ሁመድ ጀልባ ነበር። ናኾዳ ማለት የጀልባ አዛዥ ነው። ሁመድ የበይሉል አፋር ሲሆን፣ ዝምተኛ፣ ከቀለደም የማይስቅ ሰው ነው። ዓሣ ዓሣ የምትሸት ሴት ሆኜ እንኳ ከሱ ዘንድ ሌባ የሚለኝ አልነበረም። ልቤ ከሱ ዘንድ ያረፈውም ለዚህ ነው።

በሁዳዴ ጾም አንድ ጠዋት ከበይሉል ልንነሳ ስንል ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ደምሴ! እናቱ ለሞተችበት የበይሉል ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ለቅሶ ደርሶ መመለሱ ነው። ጋቢውን ደርቧል፣ ዳዊቱን ይዟል፣ ቁልፍ ያላት ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሏል። አየኝና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እኔ ግን ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም። ሌላዋ ተሳፋሪ አስካለ ነበረች፤ የበይሉል መምህር ሚስት፣ ልትወልድ የደረሰች፣ አሰብ ሆስፒታል ለመውለድ የምትሄድ። ከናኾዳው ጋር ደግሞ ዓሊ የሚባል መርከበኛው ነበር። በቃ፣ እኛው ነን።

ከመንገድ አጋማሽ በኋላ ሞተሩ ተነጫነጨና ዝም አለ። የዚያ ወቅት ነፋስ ከደቡብ ነው የሚመጣው፣ ልክ ከአሰብ ፊት ለፊት። ሸራ ቢዘረጋ ወደ ኋላ ይወስደናል። ማዕበሉ እየዘለለ ገብቶ ራሳችንን፣ ዕቃችንን፣ ሁሉንም አራሰው። ናኾዳ ሁመድ እንደምንም ብሎ አንዲት ራቁቷን የቆመች ደሴት ጥግ አስገባን። ዛፍ የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፤ አሸዋና ጥቁር ድንጋይ ብቻ። አስካለን ደግፈን አወረድናት። የበላችውን ሁሉ አስመልሳ ትንቀጠቀጥ ነበር። አሰብን በሙቀቷ ብቻ የሚያውቅ ሰው በዚያ ነፋስ ውስጥ እርጥብ ልብስ ለብሶ ይቀመጥና ብርዷን ይይ።

ናኾዳው የሸራውን ጫፍ አሸዋ ላይ ዘረጋ።

«ጀልባ ሲቆም ምግብ የአንድ ሰው አይደለም» አለ። «ያለው ሁሉ እዚህ ይምጣ። የቀረ ነገር የለኝም ብላችሁም ማሉ። የኛ ደንብ ይህ ነው።»

እኔ ዳቦዬን አመጣሁ፣ አስካለ ዳቦ ቆሎዋን። ናኾዳው ቴምር፣ ሩዝና ዱቄት ነበረው፤ ግን ክብሪቱ ርሷል፣ ከሰሉ ርሷል፣ የከሰል ምድጃው ፉርኔሎም ባሕር ገብቷል። ሩዝ በጥሬው አይበላ። አቶ ደምሴ ከኪሱ እፍኝ የማትሞላ የሽምብራ ቆሎ አውጥቶ አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ዳዊቱ ላይ አድርጎ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ፣ «ከዚህ ሌላ የሚበላ ነገር የለኝም» ብሎ ማለ።

ሁላችንም ማልን። ናኾዳው ለሁሉም አካፈለ።

አስካለ ግን ደረቅ ነገር አልወርድላት አለ። ቴምሯን ታኝክና ትተፋዋለች። «ስንዱዬ፣ ትኩስ ነገር አንድ ጉንጭ ባገኝ» ትለኛለች። እጇን ስይዘው በረዶ ነው። አቶ ደምሴ ሰምቷታል፣ አጠገባችን ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ እህቴ» አለና ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበ።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ እንዳለ ነው። ጀልባው ጎን ተቀምጬ የአስካለን እግር ሳሻሽ ዓሊ እየሮጠ መጣ።

«ናኾዳ! ከድንጋዩ ኋላ ጭስ አለ! እሳት የለም፣ ጭስ ብቻ!»

«ማን አለ እዚያ?»

«ያ ሽማግሌ ይጸልያል። ሌላ ሰው የለም። ወላሂ ጂኒ ነው!»

ናኾዳው ሳይስቅ፣ «ጂኒው ይህን ነፋስ ከቻለ ጎበዝ ነው» አለ። እኔ ግን የአስካለን እግር ለቀቅኩ። ያለ እሳት የሚጤስ ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ብድግ ብዬ ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። ነፋሱ ከዚያ ወደኔ ነበርና ሽታው መጣ። አተርና ሥጋ! በሁዳዴ! አቶ ደምሴ ከድንጋዩ ኋላ ዳዊቱን ይዞ፣ አፉን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ሲወጣ ተገጣጠምን።

«ጸሎት ላይ ነበርኩ» አለኝ ሳልጠይቀው።

«ይቀበልልዎ» አልኩት።

ቦታውን ሄጄ ሳየው ባዶ ነው። ጣሳውን ባሕር ጥሎታል። ሻንጣው ተቆልፏል። እዚያው ድንጋዩን ተደግፌ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከደስታ ነው። አዎ፣ ከደስታ። ከዓመት በላይ ሌሊትም ቀንም ያቃጠለኝ ሰው እጄ ላይ ወደቀ።

ተመልሼ ናኾዳውን ለብቻው ነገርኩት። ጣሳው ምን እንደሆነ፣ በምን እንዳባረረኝ፣ አሁን ምን እንደሸተተኝ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። «ሻንጣውን ክፈተው!» አልኩት።

«የማለ ሰው ሻንጣ አልከፍትም» አለኝ።

«እንግዲያው አሰብ ስንደርስ ለሰው ተናገርልኝ።»

ናኾዳ ሁመድ ጢሙን ዳበሰ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ደንብ አላቸው። ሁለት ሰው በመንገድ ሲገናኝ ቁጭ ይልና ያየውን የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ይነጋገራል። ያንዱ ወሬ በሌላው እግር ይሄዳል፤ ጠዋት በይሉል የተነገረ ሳይቆይ በባሕሩ ዳር ከዒድ መንደር እስከ ደባይሲማ ይሰማል። ታዲያ እንደኛ ሰፈር ወሬ እየተጨመረበት አይደለም። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከእከሌ ሰማሁ ብሎ ነው የሚናገረው። የዋሸ ሰው ይቀጣል፤ ከዚያ በኋላም የሚያምነው የለም።

«እናገራለሁ» አለኝ። «ግን ምን ብዬ? ‹አንዲት የምትጠላው ሴት ሥጋ ሸተተኝ አለች› ብዬ ነው። ይህ ይበቃሻል?»

«አይበቃኝም።»

«እንግዲያው ዓይኔ ይይ።»

ይህን ሲል ነው ያ ጣሳ አንዴ ከጀመረ ማንም እንደማያስቆመው ትዝ ያለኝ። ልይዘው የሚገባኝ ከበላ በኋላ አይደለም፣ ሊበላ ሲል ነው። የጋለ ጣሳ ሻንጣ ውስጥ አይመለስም፣ በእጅም አይወረወርም። ለናኾዳው በጆሮው ነገርኩት። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

ብዙም አልጠበቅን። እኩለ ቀን ገደማ አቶ ደምሴ ዳዊቱንና ሻንጣውን ይዞ ተነሳ። «ልጸልይ» አለ። «ለሁላችንም ይጸልዩልን» አልኩት። ድንጋዩን ሲዞር እኔ፣ ናኾዳውና ዓሊ በቀስታ ተከተልን። ጆሮዬን አቀናሁ። መጀመሪያ ምስማሩ ሲወጋ ሰማሁ፤ ከዚያ ያ የማውቀው መንሿሿት መጣ። አሁን!

ሆን ብዬ ጠጠር ረግጬ አንኮሻኮሽኩ። ዞረን ስንደርስ አቶ ደምሴ በርከክ ብሎ ተቀምጧል። ጋቢውን ከአንገቱ እስከ እግሩ ጠቅልሎ፣ ዳዊቱን ገልጦ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ጣሳው የለም። ጋቢው ግን ከሆዱ ላይ አብጧል።

ናኾዳ ሁመድ ሳይቸኩል ፊት ለፊቱ ቁጭ አለ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። ዓሊ ቆመ።

«አቶ ደምሴ» አለ ናኾዳው፣ «ከትናንት ጀምሮ አብረን ነን፣ ዳጉ አልተለዋወጥንም። ነውር ነው። ሰላም ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጸሎት ላይ…»

«ልጆችህ ሰላም ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«የበይሉሉ ለቅሶ እንዴት ነበር? ማን ማን መጣ? ከዒድስ የመጣ ሰው ነበር?»

አቶ ደምሴ መለሰ። ናኾዳው ሌላ ጠየቀ። ስለ ግመል ጠየቀ፣ ስለ ዝናብ ጠየቀ፣ ስለ ሟቿ ዘመዶች በየተራ ጠየቀ። በዚያ ብርድ የአቶ ደምሴ ግንባር ላቡን አንጠባጠበ። እንደ ልጅ ከወዲህ ወዲያ ይቁነጠነጣል፤ ሊነሳ አይችል፣ ሊቀመጥ አይችል። እኔ ስንዱ እንደዚያ ደቂቃ የጣፈጠኝ ነገር እስከ ዛሬ የለም። በግቢው መሀል ማበጠሪያዬን ስለቅም ያሳለፍኩትን እያንዳንዱን ትንፋሽ እሱም ፊቴ ቁጭ ብሎ ይተነፍስልኝ ጀመር።

«ጋሽ ደምሴ» አልኩት በዝግታ፣ የሱን ድምፅ አስመስዬ፣ «እስቲ ከዳዊቱ ጮክ ብለው ያንብቡልን። እኛም እንባረክ።»

አፉን ከፈተ። በአንገቱ በኩል፣ ከጋቢው ጠርዝ፣ ነጭ እንፋሎት ቀስ ብሎ ወጣ።

«ሰውየው ይጤሳል!» ብሎ ጮኸ ዓሊ።

«ተናዘዝ፤ ይቀልሃል» አልኩት። አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ወይኔ! ተቃጠልኩ!» አለና ዘሎ ተነሳ። ጋቢው ተፈታ፣ ዳዊቱ ወዲያ ወደቀ፣ ጣሳው ተንከባሎ እግሬ ሥር በጎኑ ቆመ። ሥሩ ላይ ቀይ የአውራ ጣት ምልክት አለ። ጎንበስ ብዬ የጋለውን ሳልነካ ጣቴን አስጠግቼ ለካሁት። ልኬ ነው።

ናኾዳው ምልክቱን አየ፣ ጣቴን አየ፣ ከዚያ አቶ ደምሴን አየ።

«አሁን ሻንጣውን ክፈት» አለው።

ከፈተው። ሌሎችም ነበሩ፣ ሁሉም በኔ ጣት የታተሙ። ለምን እንደያዛቸው ናኾዳው ሲጠይቀው፣ ወደ መሀል አገር ለሚወጡ ሾፌሮች ይሸጥ እንደነበር፣ እነዚህን ግን ለመንገዱ ስንቅ እንዳስቀረ እያቃሰተ ተናገረ። እኔ ግን ለማዳመጥ አልቆየሁም። በጋቢው ጫፍ ጣሳውን ይዤ ወደ አስካለ ሮጥኩ።

«ሥጋ ነው እኮ፣ ጾም ነው» አለችኝ ሽታውን ስትሰማ።

«ላንቺ አልተጻፈም። ጠጪ! እግዜር ቢጠይቅ እኔ እመልሳለሁ።»

ጠጣች። ከናፍሯ ቀስ በቀስ ቀላ። ሁለተኛውንም አሞቅሁላት። እኔ አልቀመስኩትም፤ ጾሙም አለ፣ ደግሞ በዚያን ጊዜ ጠግቤ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ነፋሱ ሲበርድ ናኾዳውና ዓሊ ነዳጁ ውስጥ የገባውን ውኃ አጥልለው ሞተሩን አስነሱት። መንገድ ላይ አቶ ደምሴ ከዳር እስከ ዳር ሲለምን ሄደ። መጀመሪያ ናኾዳውን ለመነ።

«ወንድሜ፣ ለሰው አትናገርብኝ። የምትፈልገውን እሰጥሃለሁ።»

«ዳጉ አይሸጥም» አለ ናኾዳው።

ከዚያ ወደኔ መጣ። «ስንዱ፣ ልጄ፣ ሥራሽን አስመልስልሻለሁ። በምሕረት ለቀቅኩሽ እንጂ አላሳሰርኩሽም እኮ።»

ይህን ባይል ኖሮ ምናልባት እምረው ይሆናል። ምናልባት ነው ያልኩት። ያችን ምሕረት ሲጠራ ግን ውስጤ ነደደ። ወደ ናኾዳው ዞርኩ።

«በናንተ ደንብ የራሱን ወሬ ባለቤቱ መናገር ይችላል?»

«ይችላል። እኔ እሰማለሁ። ካጎደለ ‹ይቀራል› እላለሁ።»

«እንግዲያው እሱ ራሱ ይናገር። ወደብ ላይ፣ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

አቶ ደምሴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እምቢ ቢል ናኾዳው እንደሚናገር ያውቃል፣ የናኾዳው ደግሞ እስከ ደባይሲማ ይደርሳል። የራሱን አፍ መረጠ። እኔም የፈለግሁት ያንኑ ነበር።

አሰብ ስንደርስ የጀልባው መዘግየት ተሰምቶ ኖሮ ወደቡ በሰው ሞልቷል። የድርጅቱ ሠራተኞች ሹማቸውን ፍለጋ ወጥተዋል፣ ሥራ አስኪያጁ አለ፣ የማኅበሩ ሰዎች አሉ፣ አክስቴ ታለቅሳለች። ናኾዳው ገመዱን አስሮ አቶ ደምሴን አስቀደመ።

«ዳጉ አለው» አለ ለሰዉ። «ስሙት።»

አቶ ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሞተር ተበላሸብን፤ ደሴት ላይ አደርን። እግዚአብሔር አወጣን።»

«ይቀራል» አለ ናኾዳው።

«ምግብ… ምግብ ነበረኝ፤ አላወጣሁም።»

«ይቀራል።»

«ዳዊት ይዤ በሐሰት ማልሁ። በጾም ሥጋ በላሁ።»

ከማኅበሩ ሰዎች መሀል አንዷ እግዚኦ አለች። አቶ ደምሴ እኔን አየኝ። ዓይኔን አልነቀልኩለትም።

«ይቀራል።»

«ምግቡ የመጋዘኑ ነው። እየወሰድኩ እሸጥ ነበር።»

«ይቀራል» አለ ናኾዳው፤ ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

አቶ ደምሴ ዓይኑን ከኔ ላይ ነቀለ። ከዚያ ያ ዝግ ያለ ድምፅ እየተሰበረ፣ «ስንዱ አልሰረቀችም» አለ። «ባዶውን ጣሳ ከቤቷ ኋላ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ናኾዳ ሁመድ አንገቱን ነቀነቀ። «ጨረሰ» አለና ወደ ጀልባው ተመለሰ።

አክስቴ አቅፋኝ ጮኸች። እኔ አላለቀስኩም። ሠራተኞቹን ሳይ ግን ሁሉም ጫማቸውን ያዩ ነበር። ከመሀላቸው አንድም ወደኔ የመጣ አልነበረም።

አስካለ በሰላም ተገላገለች። ድርጅቱ አቶ ደምሴን አባርሮ እኔን ወደ ሥራዬ ጠራኝ፤ እምቢ አልኩ። ዓሣ መሸጤን ቀጥዬ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ።

ከዚያ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ደምሴን ከኋላቸው አስከትለው ነበር። አንገቱን ደፍቶ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። የማኅበሩ ሰዎች ናቸው፣ ከመጋዘኑም አንድ ሁለት ነበሩ፤ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ቆመው ማበጠሪያዬን ስለቅም ያዩ ሰዎች። ተቀመጡ። መከሩ፣ ተማጸኑ። እኔ ግን ይቅር ላለማለት ወስኜ ነበር፤ ንግግሬንም ተለማምጄው ነበር። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ሊያጽናኑኝ ብለው፣ በፈገግታ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ደግሞስ ልጄ፣ ምን ያሳዝንሻል? እኛማ ከመጀመሪያውም አንቺ እንዳልሆንሽ ልባችን ያውቅ ነበር።»

ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንዴታ! እናውቅ ነበር እንጂ» አሉ።

ለካ ያውቁ ነበር! ባለሱቁ እጄን ሲያይ ያውቁ ነበር። ሽማግሌ ተመልሶ ሲጠራ ያውቁ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ልጠይቃችሁ። ፊታችሁ አንድ ሰው ሌባ ሲባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ‹ሲሰርቅ አላየሁም› ብላችኋል ወይስ ዝም ብላችኋል? ከዚያ ደሴት ከተመለስኩ ወዲህ በዓይኔ ያላየሁትን ስለ ሰው አላወራም፤ ያየሁትን ደግሞ ማንም ፊት አልደብቅም። ብዙ ወዳጅ አሳጥቶኛል፤ ይሁን። ደምሴ የዋሸው ስለሰረቀ ነው፣ ራሱን ሊያድን። እነዚያ ዝም ያሉት ምን አግኝተውበት ነው?

ተነሳሁ። ደምሴ ጀርባ ላይ ያለውን ድንጋይ በገዛ እጄ አወረድኩና መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አንተን ይቅር ብያለሁ» አልኩት። «አፍህን ከፍተህ ተናግረሃል።»

ከዚያ በሩን ከፈትኩና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። «እናንተ ግን ውጡልኝ» አልኳቸው።

ወጡ። እነሱን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።